ዶሮዎቼን የሚያበላው ሚስኮል

ውድ የሞኖ አባት፣

ስልኬን አላነሳም ካልክ ይኸው ወረቀት። ወረቀት በአውራ ጣት አይዘጋም። ይህን የሚያደርስልህ የሙፉሊራው አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ «ለራሱ ካልሆነ ለማንም እንዳትሰጥ፣ እምቢ ካለም ኪሱ ውስጥ ወትፈህለት ሂድ» ብዬዋለሁ። ስለዚህ ቁጭ በልና አንብበው።

ዋናውን ላስቀድምልህ። ዶሮዎቹን አልሸጥኩም፣ አልሸጥምም። ግን እየመጣሁ ነው። ቅዳሜ ሙፉሊራ እገባለሁ፤ የምመጣውም እንደ ባለፈው አድሬ ልመለስ አይደለም፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልቀመጥ ነው። ዶሮውም ሳይሸጥ እኔም ሳልቀር እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ከፈለግህ፣ ደብዳቤውን የጻፍኩት ለዚሁ ነው።

ያልከኝን አልረሳሁም። «ትዋምቦ፣ ወይ ዶሮዎችሽን ሸጠሽ ነይ፣ ወይ ቆጥ ላይ ውጪና ከነሱ ጋር እደሪ» አልከኝ። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ቾማ ገበያ መሀል፣ የሰው ስልክ ልጠግን በትኜ፣ ብሎኗን በጣቴ እንደያዝኩ! ደንበኛዬ «ማን ነው?» ስትለኝ «የተሳሳተ ቁጥር ነው» አልኳት። ብሎኗም ወድቃ ጠፋች።

የተቆጣኸው ግን በዶሮ እንዳልሆነ ይገባኛል። በእግርህ ነው። ማዕድን ጉድጓዱ ውስጥ ድንጋዩ እግርህን የሰበረህ ጊዜ ሙፉሊራ መጥቼ ሁለት ሌሊት አደርኩና ቦርሳዬን አነሳሁ። አንተ በጀሶ ታስረህ አልጋ ላይ ነበርክ። «ሂጂ፣ ዶሮዎችሽ ይራባሉ» ብለህ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። እስከ ዛሬ ያ ጀርባህ ይታየኛል።

ይቅርታ ልጠይቅህ ግን አልጻፍኩም። ዶሮዎቹን አደራ ብዬ የመጣሁት ለማን ነበር? ለራስህ ወንድም ለቼሎ! «እታለም፣ በዶሮ ይጠረጥሩኛል እንዴ? ይሂዱ፣ ወንድሜን ይሳሙልኝ» ብሎ በፈገግታ ሸኘኝ። ስመለስ ገንዳው ባዶ፣ ዶሮዎቹ አንዷ የአንዷን ጭራ እየነጨች፣ እንቁላላቸውን ራሳቸው ሰብረው እየበሉ አገኘኋቸው። ዶሮ አንዴ እንቁላሏን መብላት ከለመደች እንደማትመለስ አንተም ታውቃለህ፤ ስንቶቹን አረድኩ። ቼሎን ስፈልገው ቢራ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተጋድሟል። «እታለም፣ ነገ ልመጣ ነበር እኮ!» አይለኝም? ሞኖን ኮሌጅ ያስጨረሷት እነዚያው ዶሮዎች ናቸው። ለቼሎ ስንፍና ብዬ የእጄን ሥራ አልጥልም።

የቾልዌን እናትም ለመንኳት። ጎረቤታችን መሆኗ እንጂ ሌላ ምን አለኝ? «እንቁላል ልልቀም፣ ውሃም ልክፈት፣ የመኖ ከረጢት ግን አልሸከምም። ወገቤ ያንቺ አይደለም፣ የልጆቼ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከረጢት መሸከም የማያስፈልገው ነገር መሥራት እንዳለብኝ የገባኝ ያኔ ነው።

እኔ ስልክ የምፈታ ሴት ነኝ፤ ከመፍታት መግጠም አይከብደኝም። የቤቱን ስልክ፣ ያንን አሮጌውን ባለቁልፉን፣ ከፈትኩት። ስልክ ሲጠራ የሚያንቀጠቅጠው ትንሽ ሞተር አለ አይደል? እሱን ነቅዬ ሽቦዎቹን ወደ ሌላ ሞተር ወሰድኳቸው፤ የመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር ከአሮጌ ዕቃ ሻጮቹ ገዛሁ። መሀላቸው ላይ ማብሪያ የምትሆን ዕቃ አስገባሁ፣ የስልኩ ጉልበት ትልቁን ሞተር ስለማያስነሳ። የመጥረጊያ ሞተር ደግሞ ጠባዩ ደስ ይለኛል፦ አንዴ ካስነሳኸው ዙሩን ሳይጨርስ አይቆምም። ስልኩ አንዴ እንኳ ቢጠራ አንድ ዙር ይዞራል፣ መኖ የሞላሁበት በርሜል ሥር ያለው ቆርቆሮ ይከፈትና ይዘጋል፣ የአንድ ጊዜ መኖ በቧንቧ ወርዶ ገንዳው ላይ ይበተናል። መብራት ቢሄድም ግድ የለኝም፣ ባትሪውን ፀሐይ ትሞላዋለች። ስልኩ ስለማይነሳም ደዋዩ ላይ ሳንቲም አይቆጥርበትም። በሚስኮል ዶሮ የሚያበላ ሰው ከእኔ ሌላ ቾማ ውስጥ ካለ አምጡልኝ!

አሁን እዚህ ላይ ስማኝ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ላደርግ የዶሮው ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ። የሥራ ስልኬ በእጄ ነው፤ ገና ቁጥሩን አልነካሁም። የቾልዌ እናት ከኋላዬ «ይኼ ነገር ፈንድቶ ዶሮ ጥብስ እንዳያደርግልሽ» ትለኛለች። ድንገት ሞተሩ ዞረ! መኖው ፏ ብሎ ወረደ፣ ዶሮዎቹ ተንጫጩ።

«ደወልሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ አልደወልኩም!»

ሮጬ የስልኩን መስታወት አየሁ። አንተ ነህ። እግርህ ድኖ ወደ ሥራ ከተመለስክ ወዲህም ወደ ጉድጓድ ስትወርድ የምታደርገው ሚስኮል። አንዴ ስትወርድ፣ አንዴ ስትወጣ፣ «ደህና ነኝ» ለማለት የምትተዋት። ተጣልተንም አልተውካትም፤ መልሼ ስደውል አታነሳም እንጂ እሷን አልተውክም። ይሸጡ ያልካቸውን ዶሮዎች በገዛ እጅህ አበላሃቸው! ከአንጀቴ ሳቅሁ። የቾልዌ እናትማ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

ሳቁ ግን እስከ ረቡዕ ነበር። ያንን ቁጥር የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ሁሉ እንደያዙት ረስቼዋለሁ። ረቡዕ ለመዝሙር ልምምድ ከቤት ሲወጡ «ወጥቻለሁ፣ ውጪ» ለመባባል እርስ በርስ ሚስኮል ይደራረጋሉ፤ እኔም ጋ እንደ ልማዳቸው ደወሉ። ሶፕራኖው ደወለ፣ አልቶው ደወለ፣ ሰብሳቢዋ ለምን ቀረሽ ብላ ደጋግማ ደወለች። ከገበያ ስመለስ መኖው ከገንዳው አልፎ እስከ በሩ ሞልቷል፤ ዶሮዎቹ ጠግበው መቆም አቅቷቸው ተኝተውበታል። የቾልዌ እናት «ሠርግ ላይ ያሉ መስሏቸዋል» አለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእኔ ነው፤ ቁጭ ብዬ ስለቅም አመሸሁ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ስልኩ ከመረጥኩለት ቁጥር በቀር ለማንም እንዳይንቀጠቀጥ አደረግሁት። የእኔን ቁጥር አስገባሁ። ከዚያ ያንተ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ልተወው ብዬ ነበር፣ እውነቴን ነው። «ዶሮዬን የጠላ ሰው ዶሮዬን ምን ቆርጦት ያበላል» አልኩ። ከዚያ ግን ያ ሞተር በአንተ ሲዞር የሰማሁት ድምፅ ትዝ አለኝና አስገባሁህ። ራስህ ሳታውቅ በየቀኑ ቤትህ ውስጥ አንድ ነገር ስትሠራልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ይኸው፣ አወቅህ።

ከዚያ ወዲህ እኔ የደወልኩበትን ቀን አላስታውስም። ማለዳም አንተ፣ ማታም አንተ። የሌሊት ተረኛ ስትሆን እንኳ መኖው ገንዳው ላይ አድሮ ይጠብቃቸዋል። ሞኖ ጋ ሊቪንግስተን ከተማ ሄጄ ከሳምንት በላይ ተቀመጥኩ፤ ስመለስ እንቁላሉ እንዳልቀነሰ የቾልዌ እናት ምስክር ናት።

አንድ ማታ ግን ዘገየህ። የምትወጣበት ሰዓት አለፈ፣ ሞተሩ ዝም አለ። ዶሮዎቹ ገንዳው ዙሪያ ቆመው ያዩኛል። የእኔን ቁጥር መጫን እችል ነበር፤ ጣቴ እላዩ ላይ ነው። አልተጫነልኝም። እኔ ካበላኋቸው አንተ ያልወጣህ መሰለኝ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን እንደዚያ ሆንኩ። ስለ ድንጋይ፣ ስለ እግርህ፣ ስለዚያ ጀርባህ አሰብኩ። «አምላኬ፣ ዶሮውን ሁሉ ውሰድና እሱን አውጣልኝ» አልኩ፤ እኔ፣ ትዋምቦ! ሲጨልም ሞተሩ ዞረ። ዶሮዎቹ ወደ መኖው ሮጡ፣ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ያን ማታ የምጠብቀው የዶሮ እራት እንዳልነበረ ገባኝ። ናፍቀኸኛል፣ የሞኖ አባት። በጣም ናፍቀኸኛል።

እንግዲህ እንዲህ ይሆናል። በርሜሉ ለሁለት ሳምንት ይበቃል። ሞልቼው እመጣለሁ፣ ሲያልቅ ሄጄ ሞልቼው እመለሳለሁ። የገበያውን ሥራ እዚያም ይዤው እመጣለሁ፤ ሙፉሊራ ስልክ አይበላሽም ያለ ማን ነው? አንተ ሚስት አጣሁ አትልም፣ እኔም ዶሮዬን አላጣም።

አንድ ነገር ቀረ። ዛሬ ጠዋት የእኔን ቁጥር ከስልኩ ላይ አጠፋሁት። አሁን የሚሰማው ያንተን ብቻ ነው። የቾልዌ እናት ስትሰማ ጮኸች።

«አብደሻል? ተቆጥቶ ቢተወውስ?»

«በተቆጣበት ጊዜ ሁሉ አንድ ቀን አላስቀረም።»

«ያኔማ ሳያውቅ ነው! አሁን ልትነግሪው አይደል?»

ይኸው ነገርኩህ። መሸጥ የምትፈልጋቸው ዶሮዎች በእጅህ ናቸው፤ አለመደወል ብቻ ነው የሚጠበቅብህ፣ ማንም አይወቅስህም። እኔ ግን ማንን እንዳገባሁ አውቃለሁ፤ ቦርሳዬን የማሰናዳውም ሳልጠራጠር ነው።

የሙፉሊራው ቤት ትርፍ ቁልፍ ከእኔ ጋር ነው። ቅዳሜ ከጉድጓድ ስትወጣ መጀመሪያ ዶሮዎቻችንን አብላ፣ ከዚያ ቀጥ ብለህ ወደ ቤት ና። እኔ ውስጥ ነኝ።

ሚስትህ ትዋምቦ
ከቾማ