የመጀመሪያው ማረፊያ በር

ለተከበሩ የደን መንገዶችና ማረፊያዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እያልኩ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለጉልበትዎ ያለኝን መልካም ምኞት ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ጉልበትዎን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱም ከዓምና ጀምሮ ጥገናውን በትዕግሥት እየጠበቀ ነው። እኔ በእነዚህ ሁለት ወራት ብቻ አራት ጊዜ ወጥቼ ወርጃለሁና እርስዎ በየቀኑ እንዴት እንደሚችሉት ሲገርመኝ ሰነበተ። በአራቱም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ፊትዎን ለማየት አልታደልኩም። ስለዚህ ደብዳቤዬን በአደባባይ አወጣሁት፤ ምናልባት ከስብሰባ ሲወጡ አንድ ሰው አንብቦ ይነግርዎ ይሆናል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ አናጺ ነኝ። ደኑ ውስጥ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ በተጠረገው መንገድ ዳር ያሉትን ሦስት ማረፊያዎች ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከባልደረቦቼ ጋር የሠራኋቸው እኔ ነኝ። አንድ ጣሪያ፣ ሦስት ግድግዳና አንድ አግዳሚ ወንበር፤ ከዚያ ያለፈ ጌጥ አልነበራቸውም። አራተኛውን ወገን ክፍት የተውነው ዝናብ ያባረረው ሰው በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም ብለን ነው። ያኔ የጽሕፈት ቤት ልምድ ገና አልነበረንም።

ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ሳንባዋን ታማ ብዙ ከተኛች በኋላ፣ ሐኪሙ ሲያሰናብታት ዋናው መድኃኒት እግርሽ ነው፣ በየቀኑ ተራመጂ፣ ግን እስኪደክምሽ ሳይሆን እስከምታርፊበት ድረስ ብቻ ሂጂ አላት። እሷም ቃሉን እንደ ሕግ ያዘች። ከደጃችን እስከ መጀመሪያው ማረፊያ አራት መቶ ሃያ እርምጃ ነው። የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ለመቁጠር የሚተርፍ ትንፋሽ የላትም። እዚያ ደርሳ አግዳሚው ቀኝ ጫፍ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ትቀመጣለች፣ ፊቷ ላይ ወዝ ይመለሳል፣ ከብስክሌተኞቹ ጋር ሰላምታ ትለዋወጣለች፣ ከዚያ እኔን መነዝነዝ ትጀምራለች። ንዝንዙ ሲጀመር እግሯ መበርታቱን አውቃለሁ። በሁለት ወር ውስጥ ሁለተኛው ማረፊያ ድረስ መሄድ ጀምራ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ፦ ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በክፍቱ ወገን ገብቶ የባለቤቴን ትከሻ አራሰው። እኔም በነፋሱ በኩል አንዲት ጣውላ እንድትመታልን ለጽሕፈት ቤትዎ ማመልከቻ ጻፍኩ። ጣውላዋን ራሴ ልመታት እችል ነበር፤ ዳሩ ግን የመንግሥትን ንብረት ሳያስፈቅዱ መንካት ነውር ነው ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነውን በቁጥር ከፋፍዬ ለማመስገን እወዳለሁ።

አንደኛ፦ መልሱ በዘጠኝ ቀን ደረሰኝ፤ ለዚህ ፍጥነት ቃል የለኝም። ችግሩ በባለሙያዎች ተጠንቶ፣ ክፍቱ ወገን ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋና በር እንዲገጠምለት መወሰኑን ይገልጻል። ጽሕፈት ቤቱ አናጺ ስለሌለው በበጎ ፈቃድ እንድሠራም ይጠይቃል። ደስ ብሎኝ ሠራሁ። ወፍራም ጣውላ መረጥኩ፣ ማጠፊያዎቹን ከውስጥ አደረግኩ፣ ዙሪያውን ጥፍር እንኳ እንዳያስገባ አድርጌ ገጠምኩት። በሥራ ስቀልድ አላውቅም። በዚያ በር የተሰማኝን ኩራት ዛሬ የት እንደምደብቀው ጠፍቶኛል።

ሁለተኛ፦ በር ያለው ቤት ሳይቆለፍ አያድርምና ተቆለፈ። ቁልፉ በእርስዎ ፎቅ፣ ንብረት ክፍል መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። ልጠይቅ ስሄድ የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ፣ ደግ ሴት ናት፣ ቅጹን አውጥታ አስረዳችኝ፦ የሚታረፍበት ቀንና የማረፉ ምክንያት ይሞላል፤ የሚያርፈውም ሰው ራሱ ቀርቦ መፈረም አለበት። እንግዲህ ባለቤቴ አራት መቶ ሃያ እርምጃ ሄዳ ለመቀመጥ፣ መጀመሪያ ሦስት ፎቅ ወጥታ ለማረፍ ብቁ መሆኗን ልታስመሰክር ነው። ሠራተኛዋ፣ አባቴ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ደንቡ ነው አለችኝ። ዓይኗ ውስጥ ሐዘን ስላየሁ አልተቀየምኳትም።

ሦስተኛ፦ ማንም በማይገባበት ቤት የተቆለፈበት አግዳሚ ወንበር ሥራ ፈት ንብረት ነው ተብሎ፣ ተጠቃሚ ወዳለበት ቦታ ተዛወረ። ይህን ያወቅኩት በሁለተኛው ምልልሴ ነው። ከቢሮዎ ደጅ ኮሪደሩ ላይ ባለ አግዳሚ ቁጭ ብዬ ተራዬን ስጠብቅ፣ እጄ ሳላዘው ከሥር ገብቶ ዳበሰ። የግራው እግር ላይ እኔው የቀጠልኳት ቁራጭ እንጨት አለች። መሐለኛው ጣውላ ላይ የእንቁላል አስኳል የምታህል ጉጥ አለች። ቀኝ ጫፉ ባለቤቴ እየተደገፈች ስትነሳ በመዳፏ አለስልሳዋለች። ከበላዩ ግድግዳው ላይ «የባለጉዳዮች ማረፊያ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዝናብ አይነካውም፣ በየቀኑም ይወለወላል፤ ስለ እንክብካቤው አመሰግናለሁ። እኔም ሦስት ጊዜ ስለ ባለቤቴ አርፌበታለሁ፤ ዳሩ ዕረፍት በውክልና አይሠራም።

አራተኛ፦ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ታጣፊ ወንበር ተሸክሜ ከኋላዋ ተከተልኩ። የደን ጠባቂው ባርኔጣውን አውልቆ፣ የግል የቤት ዕቃ ወደ ደን ማስገባት በማስታወቂያ ሰሌዳው ተራ ቁጥር ሰባት እንደተከለከለ በትሕትና ነገረኝ። ያን ቀን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ድንጋዩ ዝቅ ያለ ነበርና ልትነሳ አልቻለችም፤ እኔና ሁለት ብስክሌተኞች ተጋግዘን አነሳናት። ቤት ስንደርስ፣ እንደ ሻንጣ አነሳችሁኝ አለችና አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ወደ ደኑ አልሄደችም።

አምስተኛ፦ ኋላ የተጨመረው የብስክሌት ማቆሚያ ከግድግዳው ውጭ ስለሆነ እስካሁን ያገለግላል። ብስክሌቶቹ ያርፋሉ፤ ባለቤቶቻቸው ግን ስንዝር በማትሞላ የጣሪያ ጫፍ ሥር በሩን ተደግፈው ዝናቡን ይቆጥራሉ። ባለፈው አንዱ ብስክሌተኛ በሩን በእጁ እየመታ፣ ይህን የመሰለ ጠንካራ ሥራ ማን ሠራው ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። በሃምሳ ዓመት የሙያ ዘመኔ ሥራዬን የካድኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስድስተኛውን ሆድ ይፍጀው ብዬ ትቼዋለሁ።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ማረፊያ እንደ ድሮው ክፍት ናቸው፤ ማንም ስላላመለከተባቸው ተርፈዋል። ነገር ግን ሁለተኛው ላይ ለመድረስ መጀመሪያው ላይ ማረፍ ግድ ነውና ለእኛ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነውብናል። የመጀመሪያው ማረፊያ በዘንድሮው ቁጥጥር በንጽሕና አንደኛ መውጣቱንም ሰምቻለሁ። የምስክር ወረቀቱ ከአግዳሚው በላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁና እንኳን ደስ ያለዎት። ሰው ያልገባበት ቤት እንዲህ መጽዳቱ ለሌሎችም ትምህርት ነው።

በሩን ለምን አትሰብረውም የሚሉኝ ጎረቤቶች አሉ። ክቡር ሆይ፣ አስቤበታለሁ። ብሰብረው ዘበኛ ይቀጠርለታል፤ ለዘበኛው ማረፊያ ይሠራለታል፤ ለዚያም ማረፊያ በር ያስፈልገዋል፤ በሩንም እኔው እንድሠራ እጠየቃለሁ። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ አልችልም። ከውጭ እንዳይሰበር አድርጌ ነው የሠራሁት።

ዝንጀሮ እንኳ እሾህ በመላ ሰውነቷ ተሰክቶ ከየት እንጀምርልሽ ሲሏት፣ መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ይባላል። በክቡርነትዎ ፊት ይህን ተረት ማንሳቴ ድፍረት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእኛም ጉዳይ ከእሷ አያልፍም፤ የምንፈልገው መቀመጫ ነው። ይህንኑ በአራት ማመልከቻ ገልጫለሁ፤ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ እንጂ።

አምስት ሳምንት ሆነ። ባለቤቴ ከአልጋ እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ አልጋ ናት። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ማዳመጫውን ጀርባዋ ላይ ከቦታ ቦታ እያዛወረ አዳመጠ፤ ከዚያ ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን ስለ እግሯ ጠየቃት። እሷ ወደ እኔ ዞር አለች። እኔ ደግሞ ወደ ማን እንደምዞር አላወቅኩም። ሐሙስ ዕለት የእግር ጉዞ ጫማዋን በጋዜጣ ጠቅልላ ቁም ሣጥኑ ላይ እንዳስቀምጥላት ሰጠችኝ። አስቀመጥኩት። መነዝነዝም ትታለች፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ፈርቻለሁ። ከዚህ የተሻለ ጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁለት።

እንግዲህ ጊዜዎን መሻማቴን እንዲያልፉልኝ፣ ስብሰባዎ እንዲቃናልዎ፣ ጉልበትዎ እንዲጸናልዎና እርስዎም የሚወዱትም ሰው ደክሟችሁ የምታርፉበት እንዳታጡ እየተመኘሁ፣ በክፉም በደግም ታዛዥዎ ሆኜ እሰናበታለሁ።

በገዛ እጁ በር የገጠመው፣
ጡረተኛው አናጺ

ማስታወሻ፦ አግዳሚው ወደ ደኑ እንዲመለስ የጠየቅኩባቸውን አራቱን ማመልከቻዎች በዚህ ደብዳቤ ትቻቸዋለሁ፤ ከአቅምዎ በላይ መሆኑን ተረድቻለሁ። አሁን የምለምንዎ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት፣ ከሕንጻው በር ዘበኛ ጎን እንዲወርድልን ብቻ ነው። ዘበኛው ቦታ አለኝ ብሏል፤ ለማውረዱም እኔ አለሁ። ከደጃችን እስከ ጽሕፈት ቤትዎ በር አራት መቶ አሥር እርምጃ ነው፤ ከጫካው በአሥር ያንሳል። እየመጣች ሩብ ሰዓት ተቀምጣ ትመለሳለች፤ ጉዳይ የላትምና ማንንም አታስቸግርም። እዚያ ዛፍ እንደሌለ ነግሬያታለሁ፤ ግድ የለም ብላለች።