እርቃኑን የቆመው መብራት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ስተክል ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ደንበኛችን አርክቴክቱ መጡ። ቢሯቸውን ዘግተው ልጃቸው ቤት ሊገቡ ነው። የሥራ መብራታቸውን ለኛ ለስፌት ቤቱ ሰጡን። “የታወቀ ዲዛይነር ሥራ ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ቁራጭ ብረት መስሏችሁ እንዳትጥሉት!”
ቀጭን የብረት ዘንግ፣ ዘንጉ ላይ አንድ ረጅም የፍሎረሰንት ቱቦ። በቃ። ቆብ የለው፣ ጌጥ የለው...
አብራኝ የምትሰፋው ታላቅ እህቴ ዞር ዞር ብላ አየችውና፣ “ቀሪውን መቼ ያመጡታል?”

ረቡዕ፣ ኅዳር 4
አበራነው። ብልጭ... ድርግም... ብልጭ... ከዚያ ክፍሉ ወተት መሰለ። ያ ሁሉ አቧራ የት ነበር? እህቴ፣ “ኧረ አጥፊው፣ ሰው ሳያየን!”
ሳቄ ግን አልቆየም። ለአንድ ሆቴል አስተናጋጆች የሰፋናቸውን አሥራ አንድ ጥቁር ኮቶች አየኋቸው። ሦስቱ በጥቁር ሰማያዊ ክር ተቀምቅመዋል! በድሮው አምፖል እኮ አይታወቅም ነበር።
የእህቴ ሥራ ነው። ሃምሳ አምስት ዓመቷ... ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?
“እትዬ፣ ዓይንሽ ደክሟል። ለጊዜው ካውያው ላይ ሁኚ፣ መርፌውን ለኔ ተይው።”
“የኔ ዓይን?”
ከዚያ መርፌዋን ሰክታ ካውያውን አነሳች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መርፌ አያያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት...

ሐሙስ፣ ኅዳር 5
ሦስቱን ኮቶች ተርትሬ እንደገና ቀመቀምኩ። እሷ ስትተኩስ ዋለች። አስተኳኮሷን ሳየው፣ ሸሚዙ ውስጥ እኔ ያለሁ ነው የሚመስለው።

ዓርብ፣ ኅዳር 6
ዓይን ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብዬ ለመንኳት። “እሺ፤ ግን አንቺም ትታያለሽ” አለች። ምን ቸገረኝ?
ሐኪሟ የሚነበብ ካርድ ሰጠቻት። እስከ መጨረሻው መስመር እንደ ውሃ ጠጣችው። “ከታች ያለውን የማተሚያ ቤቱንም ስም ላንብብልሽ?”
ተራዬ ደረሰ። ትልቁን ፊደል አወቅኩት። ከሱ ቀጥሎ ያለው... “ጉንዳን ነው?”
የኮቶቹን ጉዳይ አስቀድመን ነግረናት ነበርና ሐኪሟ ደነገጠች። “በዚህ ዓይን ነው የሚሰፉት? በደብዛዛ አምፖል ጥቁሩን ከጥቁር ሰማያዊው እንዴት ይለያሉ?”
አልለይማ! አሁን ነው ትዝ ያለኝ። እነዚያ ሦስት ኮቶች የተቀመቀሙ ቀን እህቴ ጥርሷን ልትነቀል ሄዳ፣ ስፌት ቤት የነበርኩት ብቻዬን ነው። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ...
“እትዬ...”
“ዝም በይና ደረጃውን እያየሽ ውረጂ።” ክንዴን ግን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11
መነጽሬ ደረሰ። እሷ መብራቱ ሥር ስፌት መኪናው ላይ ናት። ካውያው የኔ ነው፤ ማንም ሳይለኝ ነው የያዝኩት።
“እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።”
“ምን አልሽ? ጆሮዬም ደክሟል መሰለኝ። እስቲ ጮክ በይ።”
ጮክ ብዬ ደገምኩት። ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰዓት ሠሪ፣ “ይቅር ብላሻለች! አሁን ሥራችንን እንሥራበት!” ብሎ ጮኸ።
እህቴ ተንከትክታ ሳቀች። በመነጽሬ ሳያት ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ስንት ጊዜ እንዲህ ሆና ሳላያት አልፌ ይሆን?