ባሕሩ ዳር የወጡት ቱቦዎች

እሑድ፣ ኖቬምበር 3
ዝናብ። የሥራ ሳምንታችን እሑድ ይጀምራል፣ ትራሙ ግን ዘገየ። ቢሮ ስደርስ ናጊ እንደ ልማዱ ሻዬን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኛል። ሽሮፕ እንጂ ሻይ አይባልም። "ስኳር ቀንስ" ማለት ከጀመርኩ ሃያ ዓመቴ። "አንቺ እንዲህ መራራ ሆነሽ እኔ ምን ላድርግ?" ይለኛል።

ከዚያ ወንበሩን ሳበ። "ቢምሽ ራሴን መታኝ።" የምንነድፈው ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ላይ የእሱ የአየር ቱቦ በእኔ ቢም፣ ፎቁን በሚሸከመው የኮንክሪት አግዳሚ፣ ውስጥ ሊያልፍ ነው። ሶፍት ላይ ጫር ጫር... እሱ ትንሽ ዝቅ አለ፣ እኔ ትንሽ ቀነስኩ፣ አለቀ።

ከሰዓት ሃዜም ጠራኝ። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ድርጅቱን ከተዉለት ወዲህ ዓይኑ አዲስ ነገር ላይ ነው። አዲሱን የንድፍ ሶፍትዌር ለቢሮው ሁሉ የማስለምደው እኔ ነኝ። "እርስዎ ከያዙት ማንም እምቢ አይልም" አለኝ። ደስ አለኝ? አዎ፣ ትንሽ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12
ሥልጠና። የሁላችንም ሥራ አሁን አንድ ሞዴል ውስጥ ነው። ሕንፃው ስክሪኑ ላይ ቆሞ ይታያል፣ ዙሪያውን መዞር ነው። ቆንጆ ነው፣ አይካድም። ቱቦ ከቢም ሲጋጭ ቀይ ይበራል። መጨረሻ የነካው ሰው ስም ከጎኑ ይጻፋል። ዝርዝሩ ሐሙስ ሐሙስ በቀጥታ ለሃዜም ይደርሳል።

ናጊ ከኋላ፣ "ሶፍትዌር ነው ወይስ ወሬኛ ጎረቤት?" አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14
ሃዜም ዝርዝሩን ስብሰባ ላይ አነበበው። በስም። የናጊ ከሁሉም በዛ። ቱቦ ሰፊ ነው፣ የማያልፍበት ቦታ የለም፣ ምን ያድርግ? ይህን አላልኩም። ለምን አላልኩም?

"እስከ ወሩ መጨረሻ ቀዩ ያልጠፋለት ከሆስፒታሉ ሥራ ይወጣል" አለ ሃዜም። ናጊ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ይወጣል። "ይህን ሆስፒታል ሠርቼ ልሂድ" ሲል ስንቴ ሰምቼዋለሁ...

እሑድ፣ ኖቬምበር 17
ሻይ የለም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 20
ራሴ አፈላሁ። እንደምወደው፣ ያለ ስኳር። አልጣመኝም።
ናጊ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ "ደህና አደሩ፣ ኢንጂነር።" አደሩ! ለእኔ!

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21
ተአምር። የናጊ ቀይ በሙሉ ጠፋ። ሃዜም ባስቡሳ የሚባለውን ጣፋጭ ኬክ አስገዝቶ ቢሮውን አበላ። ናጊ አልቀመሰም።

ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ከሰዓት ሞዴሉን ከፍቼ ዞር ዞር አልኩ። የቀዶ ሕክምና ክፍሎቹ ጣሪያ ባዶ። ቱቦዎቹስ? ከሕንፃው ውጭ! መንገዱን ተሻግረው፣ ባሕሩ ዳር በሥርዓት ተደርድረዋል። ማንንም አይነኩ፣ ማንም አይነካቸው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ፈራሁ። እንዲህ ሆኖ ለአሠሪዎቹ ቢሄድስ?

እሑድ፣ ኖቬምበር 24
ጠረጴዛው ድረስ ሄድኩ።
"ቱቦዎችህ ባሕሩ ዳር ምን ይሠራሉ?"
"አየር ይቀበላሉ።"
"ናጊ፣ ቀልዱን ተወው።"
"ስሜ እንደ ሰነፍ ተማሪ በቀይ ከሚነበብ ባሕር ይግቡ! ድሮ ላንቺ ነበር የምነግርሽ። አሁን ሶፍትዌርሽ ቀድሞ ለአለቃ ይነግራል።"

እውነቱን ነው። እኔው ነኝ ያስገባሁት። ለሃዜም ብናገር ናጊ አለቀለት። ዝም ብል በሽተኞቹ ያለ አየር...

ሰኞ፣ ኖቬምበር 25
ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በገዛ እጄ ወደ ቦታቸው መለስኩ። ቀዩ ተመለሰ። መጨረሻ የነካሁት እኔ ነኝና በእኔ ስም።

ከዚያ ሃዜም ዘንድ ገባሁ። "የሐሙሱ ዜሮ ልክ አልነበረም። አሁን ያለው ቀይ የእኔ ነው። ከእንግዲህ ዝርዝሩ መጀመሪያ ሥራቸው ለተጋጨው ለሁለቱ ይድረስ፣ ያቃታቸው ብቻ ላንተ ይምጣ።"
"ታዲያ ማንን ልቆጣ?"
"እኔን።"
"ከሥራው ሊወጡ ይችላሉ እኮ፣ ኢንጂነር መርቫት።"
"አውቃለሁ" አልኩት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 28
ስብሰባ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች መርቫት፣ መርቫት፣ መርቫት። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ሃዜም በጠየቅኩት መንገድ እንድሞክረው አንድ ሳምንት ሰጠኝ። ናጊ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ተነሥቶ ወጣ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 1
ፀሐይ ወጥቷል። ትራሙም በሰዓቱ።
ጠረጴዛዬ ላይ ሻይ።
ናጊ መነጽሩን እየጠረገ ወንበሩን ወደ ስክሪኔ ሳበ። "ቢምሽ ራሴን መታኝ" አለ። "ስንት ቦታ እንደሆነ እንኳን አልነግርሽም። ከየትኛው እንጀምር?"

እስከ ምሳ ሦስተኛ ፎቅ አለቀ። አንድም ቀይ የለም። ቱቦዎቹም ቤታቸው ናቸው።
ሻዩ ሽሮፕ ነበር። ሳላጉረመርም ጨለጥኩት።