ሁሉንም በየስማቸው የጠሩ ወይዘሮ ኤልስፔት

ወይዘሮ ኤልስፔት ማኩዌግ ከአባታቸው ከአቶ ደንከን ማኩዌግና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፍሎራ ቤትዩን፣ በኦታዋ ወንዝ ሸለቆ፣ ብራክን ሂል በምትባል መንደር፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1944 በረዶ መንገዱን በዘጋበት ዕለት ተወለዱ።

በመንደሩ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ በአይብ ፋብሪካው ተቀጥረው እስኪዘጋ ድረስ አገለገሉ። ቅዳሜ አመሻሽ ግን በመንደሩ አዳራሽ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ለሚጨፍረው ሰው እርምጃውን እየጠሩ ጭፈራውን የሚመሩት እርሳቸው ነበሩ። ሌላው መሪ «ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ» ብሎ ሲያበቃ፣ እርሳቸው እያንዳንዱን ጨፋሪ በስሙ ይጠሩ ነበር። ከሩቅ እርሻ የመጣ ዓይነ አፋር ጎልማሳ ስሙን ሲሰማ እግሩ ይፈታ ነበር። ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከአቶ ዊልመር ጉታው ጋር በ1966 ተጋብተው ልጃቸውን ማርጎን ወለዱ።

በ1986 የታላቅ እህታቸው የወይዘሮ አይላ ካንሰር ወደ አንጎል ተዛምቶ፣ በዘመኑ ደንብ መላው አንጎላቸው በጨረር ታከመ። ዕድሜ ተጨመረላቸው፤ የታናሽ እህታቸው የኤልስፔት ስም ግን ጠፋባቸው። ስለዚህ በ2016 የራሳቸው የጡት ካንሰር ወደ አንጎላቸው ሲዛመት፣ ወይዘሮ ኤልስፔት ጨረሩን እምቢ አሉ።

«ልጄ፣ እህቴን አቆያችሁልኝ፤ ስሜን ግን ከአፏ ወሰዳችሁት» አሏቸው ለሐኪማቸው ለዶክተር ሻህላ።

«ያኔ ጨረሩ እንደ ዝናብ ሁሉንም ነበር የሚያርሰው፣ እማማ። ዛሬ ቀጭን ቀጭኑን ከየአቅጣጫው ልከን ዕጢዎቹ ላይ እናገናኘዋለን። ሌላው ብዙም አይነካም። ምንም አይደርስብዎትም ብዬ ግን አልምልም።»

«አለመማልሽን ወደድኩት» ብለው ተስማሙ።

ጭንቅላታቸው እንዳይነቃነቅ፣ በሙቅ ውሃ የለሰለሰ የፕላስቲክ መረብ በፊታቸው ልክ ተሠርቶ ከአልጋው ጋር ታሰረ። አፋቸው ስለተያዘ በልባቸው ጭፈራ ሲመሩ ቆዩ። ሲወጡ አቶ ዊልመር የመረቡን ምልክት አይተው፣ «ወንፊት ተንተርሰሽ የተኛሽ ነው የምትመስዪው» አሉ።

«አንተ ሳትንተራስም እንዲሁ ነህ» ሲሉ መለሱላቸው።

በጸደይ አዳራሹ ሞላ። ወይዘሮ ኤልስፔት አንድ ሳይቀር በየስሙ ጠሩ። ከዚያ ወደ ቫዮሊኑ ዞረው «ያ ሽማግሌ ደግሞ ማነው?» አሉ። አቶ ዊልመር መጫወታቸውን አቆሙ።

«ምነው ዊልመር? እኔ ስምህን አልረሳሁ፤ ዜማውን የረሳኸው አንተ ነህ። በል ቀጥል።»

ብራክን ሂል እንደዚያ ምሽት ጨፍራ አታውቅም።

ከዚያም ብዙ ቅዳሜዎች ተጨመሩላቸው። በመጨረሻ ካንሰሩ ጉበታቸውን አድክሞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2019 በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። በዋዜማው አልጋቸውን የከበቡትን በየስማቸው ጠርተው፣ ጭፈራ ሲያበቃ ዘወትር እንደሚሉት «እንግዲህ አጋሮቻችሁን ይዛችሁ ወደየቤታችሁ» አሉ።

ባለቤታቸው አቶ ዊልመር፣ ልጃቸው ማርጎና የልጅ ልጃቸው ቶቢን በሐዘን ቀርተዋል። ፍጥረቱን ሁሉ በስሙ የሚያውቅ አምላክ፣ እርሳቸውንም በስማቸው ጠርቶ ወደ ቤቱ ያስገባልን።