የግፍአይቀር ግማሽ ክኒን

ጥቅምት 6
ጎመን ኮተኮትኩ። የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ሳምንት ሆነኝ። አንደኛ ወጣሁ... እሺ፣ ሦስተኛ። ከእንግዲህ በአውራ ጣቴ የሚያስፈርመኝ የለም።
እንደ ወትሮው አጥሩ ጋ ቆሜ ውሻዬን ጠራሁ። "ግፍአይቀር፣ ና።" ጎረቤቴ ይሻው ይስማ እንጂ። ድንበሬን ሁለት ክንድ ገፍቶ ካረሰ ዘጠኝ ዓመቱ። ሽማግሌ ገባ፣ እሱ ካደ። እኔም ቡችላ አምጥቼ ስም አወጣሁለት። በቀን ሁለቴ ስሙን እየጠራሁ ይሻው ላይ እፈርዳለሁ።
ዛሬ ግን ሦስቴ ጠርቼው አልመጣም። ምን ነካው?

ጥቅምት 9
የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ሲነሳ ያቃስታል። ይሻው በአጥር አንገቱን አስግጎ፣ "ታዴ፣ ግፍህ መነሳት አቃተው እኮ።" ሳቀ። ምሳ አልበላሁም።

ጥቅምት 12
ከመንደራችን ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር፣ በሚኒባስ፣ ውሻው ጭኔ ላይ። ረዳቱ፣ "ይናከሳል?" "አንድ ሰው ብቻ" አልኩት።
የእንስሳት ሐኪሟ ዓይናለም ትባላለች። ጉልበቱን አጠፍ ዘርጋ አደረገች። "አባባ፣ መገጣጠሚያው አልቋል። አይድንም፣ ሕመሙን ግን እናስታግስለታለን። በቀን ግማሽ ክኒን፣ ከበላ በኋላ፣ ዕድሜ ልኩን። የሰው መድኃኒት እንዳይሰጡት። ካስመለሰው አቁመው ያምጡት።"
"ጻፊልኝ" አልኳት። የጻፈችውን መልሼ አነበብኩላት።

ጥቅምት 21
ስጠራው እስከ አጥሩ ሮጦ መጣ። ይሻው ፊቱ ጠቁሮ ቤቱ ገባ። ጣፈጠኝ።

ኅዳር 11
ነገ የሚካኤል ዝክር ይሻው ቤት ነው። አገሩ ሁሉ ደጁ ይሰበሰባል። በዚያ መሃል ውሻዬ ሲሮጥ፣ እኔ ስሙን ስጠራ... ግማሽ ክኒን ይህን ያህል ካስሮጠው፣ ሁለትስ?
ሚስቴ እቴነሽ፣ "ወረቀቱ ግማሽ አይደል የሚለው? አንተው አይደለህ ያነበብክልኝ?"
"የተማረ ሰው ከወረቀት በላይ ነው የሚያስበው" አልኳት።

ኅዳር 12
ማለዳ ሁለት ሰጠሁት። በባዶ ሆዱ። አልሮጠም። ደጃችን ላይ አስመለሰው፣ ደም አለበት። እንግዶቹ ወደ ይሻው ሲገቡ እኔ ውሻ ታቅፌ ሚኒባስ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ።
"ስንት ሰጡት?" አለች ዓይናለም።
"ግማሽ።" ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ አየሁና፣ "ሁለት።"
"ማንበብ አይችሉም እንዴ?"
አልችልም ማለት በተቻለኝ...

ኅዳር 29
ተረፈ። ዓይናለም ሆዱ እስኪሽር ክኒኑን አቋርጣ፣ ከዚያ ሌላ ጀመረችለት። አሁን አጥብቄ የምጽፈው ክኒኑን የሰጠሁበትን ሰዓት ነው።
ይሻው ዛሬ፣ "ውሻህ ሞተ እንዴ? ስሙን መጥራት ተውክ።"
"አለ" አልኩት። "ሦስት ገጽ ክስ በገዛ እጄ ጽፌ ወረዳ አስገብቻለሁ። ከአሁን በኋላ ጉዳይህ ከውሻው ሳይሆን ከእኔ ጋር ነው።"
የውሻዬን ምግብ የተኛበት ድረስ ወሰድኩለት። አልጠራሁትም።