ለእህቴ ለእስከዳር፦ በእህል ሚዛን ስለተመዘንኩበት ዓመት

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለታናሽ እህቴ ለእስከዳር፤ ካለሽበት ከጁባ።

ሰላምታዬ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ሳይደክመው ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ሙቀቱ፣ ወባው፣ የሆቴሉ ሥራ እንዴት ይዞሻል? አሠሪዎችሽ ይራሩልሻል? እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሳሚያ አግኝተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማዬ ዓይኗ ደከም ከማለቱ በቀር በርትታለች። አስፋውም፣ ልጃችን ሳሌምም ደህና ናቸው። እኔም አለሁ፤ አለሁ ስልሽ ግን እንደ ወትሮው ለወግ አይደለም፤ ለጥቂት ልቀር ነበርና ነው።

በስልክ ስትጠይቂኝ “እግሬን ትንሽ አሞኝ ነበር” ብዬሽ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ እንባዬ እየቀደመኝ፣ ደግሞም መስመሩ መሀል ላይ ሲቋረጥ ግማሽ ወሬ ይዘሽ እንዳትቀሪ ብዬ ነው። አሁን የአክስታችን ልጅ ሹፌሩ ዳኜ ወደ እናንተ ስለሚመጣ ከበሶው ጋር ይህን ወረቀት ላክሁልሽ። ረጋ ብለሽ አንብቢው።

እንደምታውቂው ሁለተኛውን ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ከቤት መውጣት ጠልቼ፣ ምድጃው ሥር ተቀምጬ ሱፍ ስፈትል ነበር የምውለው። ሰውነቴ መጨመር የጀመረው ያኔ ነው። ያን ጊዜ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ጉንጬን እየያዙ “ተመስገን፣ ሐዘኑ ለቀቃት፤ ተስማማት” ይሉ ነበር። አስፋውም ሚስቱን አስራበ አልባልም እያለ ደስ ይለው ነበር። የምበላው ሌላው ሰው የሚበላውን ነው፤ የገብስ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በፍስክ ሲገኝ ወተት። ጾም ሽሬም አላውቅም። ገላዬ ግን መጨመሩን አልተወም። ቀጥሎ ጉልበቴ፣ ከዚያ ትንፋሼ እምቢ አለ። የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሦስት ቦታ እያረፍኩ መውጣት ጀመርኩ፤ በኋላ ጭራሽ ከደጀ ሰላሙ ሳልደርስ ከመንገድ ተሳልሜ እመለስ ጀመር።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ስኳርም ግፊትም አለብሽ አሉኝ። ነርሷ ሲስተር ማዕረግ ሚዛኑ ላይ ብታቆመኝ ቀስቱ መጨረሻው ላይ ደርሶ ተጣበቀ። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ፊቴን ላለማየት እያቀረቀረች “እትዬ ጠጄ፣ ሆስፒታል ለመላክ ትክክለኛ ክብደትዎን መጻፍ አለብኝ፤ እህል ነጋዴው ዘንድ እንሂድ?” አለችኝ። ምን እላለሁ? ዕለቱ ደግሞ የዘመሮ ገበያ ነበር። የገብስ ጆንያ የሚጫንበት ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሰው ከበበኝ። ከኋላ አንዱ “ስንት ኩንታል ሞላች?” ሲል ሰማሁት፤ ሳቁንም ሰማሁት። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጎትቼ ወረድኩ። ስንት እንደመዘንኩ ለአስፋው እንኳ በአፌ አልነገርኩትም፤ ገበያው ግን ነግሮት ቆየኝ።

ያም ሆኖ ሆስፒታል መሄዴን አልጸጸትበትም። እዚያ ያገኘሁት ሐኪም ሳይስቅና ሳይቆጣ አዳመጠኝ። “ይሄ የጥጋብ ነገር አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ስኳሩንም ግፊቱንም ጉልበቱንም ያባብሳል። በየወሩ እየመጣሽ ክትትል ታደርጊያለሽ” አለኝ። ጤና መድን ስለምናዋጣ ወጪው ከዚያ ነው የሚሸፈነው። እየተመላለስኩ ያዘዘኝን ስከተል ትንፋሼ ተመለሰ። ለማርያም በዓል ዳገቱን ወጥቼ ቅዳሴ ቆሜ ሳስቀድስ እማዬ እልልታዋን መቆጣጠር አቅቷት ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እህቴ፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ባላየሁ እላለሁ።

የመድኑ መዋጮ የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ስብሰባ ተጠራን። ይሥሐቅ ተነሣ፤ ያ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያለው ጎረቤታችን። ሚስቱን አመተሥላሴን አስም ሌሊት ሌሊት ያስጨንቃታል። በዚያው ሳምንት ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት መስኮት “የሚነፋው መድኃኒት አልቋል፤ ከውጭ ግዙ” ብለው መልሰዋት በግ ሸጠው ነበር የገዙት። ሆዱ አሮ ነበር የመጣው። “ሁላችንም እኩል ነው የምናዋጣ” አለ። “ሚስቴ ትንፋሽ አጥሯት መድኃኒት የለም ትባላለች፤ ጠጄ ለወፈረችበት በየወሩ ትላካለች። የራሷን በልታ ጨረሰች፤ አሁን ደግሞ የኛን ትብላ?” ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ከጥግ “ውፍረት በሽታ ከሆነ እኛንም ባሳመመን!” ሲል ጭራሽ ባሰ። ሰብሳቢው መድኑ በሽታ አይመርጥም፣ ሕጉም እንደዚያ ነው ሲል አፉን በእጁ ሸፍኖ ነበር፤ እሱም እየሳቀ ነበራ።

አስፋው ብድግ ብሎ “ሰክሮ ከበቅሎ የወደቀ ሰው እግሩ ሲታከም ምን ጠጣህ ብሎ የጠየቀው ማነው?” አለ። ማንም አልሰማውም። የሳቁብኝን ብረሳም የደብራችን መሪጌታ ወልደ ጻድቅ የተናገሩት ግን ከልቤ አልወጣም። እሳቸው አልሳቁም። ሳቁ በረድ ሲል በአባትነት ዞር ብለው “ልጄ፣ ጾሙን ጠንከር አድርጊው፤ ለሥጋ ከዚህ የበለጠ ልጓም የለውም” አሉኝ። ከልባቸው ለእኔው አዝነው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወረፋ መቆም አቃተኝ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ከኋላዬ የቆመው ሁሉ ድርሻውን የቀማሁት ይመስለኛል። ያቺ የአመተሥላሴ ሳል በጆሮዬ ትመጣለች። አንድ ወር ቀረሁ፤ ሁለተኛውንም ቀረሁ። ሲስተር ማዕረግ ሰው ልካብኝ “ይምጡ” ብትለኝ መንገዱን አሳበብኩ። መሪጌታ እንዳሉኝ ጾሙን እስከ ማታ አደረግሁት፤ ባዶ ሆድ ላይ መድኃኒት ሲጥለኝ መድኃኒቱንም ተውኩት። አስፋው ቢቆጣኝ፣ ሳሌም ብታለቅስ አልሰማ አልኩ። እኔ ከቀረሁ ለሌላው ይተርፋል ነበር ሐሳቤ።

በውርጩ ሰሞን አንድ ማታ እግሬን ወደ እሳቱ ዘርግቼ ስፈትል የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። የበግ አጎዛው መስሎኝ ሰብሰብ ላደርገው ጎንበስ ስል የሚቃጠለው የገዛ እግሬ ነው። አልተሰማኝም፤ ምንም! ስኳሩ እግሬን ሳላውቅ አደንዝዞት ኖሯል። ቁስሉን በቅቤና በቅጠል ስንነካካው ሰነበተና ጠቆረ። ያኔ አስፋው ሐኪም ቤት እንሂድ እያለ መለመኑን ትቶ ሰው ጠራ።

በቅሎ አይችለኝም፤ ከቤታችን እስከ መኪናው መንገድ በቃሬዛ መሸከም ግድ ሆነ። ከተሸካሚዎቹ ፊተኛውን እጀታ ማን ያዘ ብትዪኝ ይሥሐቅ። ጀርባውን እያየሁ ሄድኩ፤ ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር። ጅረቱ ጋ ሊያርፉ ሲያወርዱኝ አጠገቤ ቁጢጥ አለና “ጠጄ፣ እኔ እኮ የነደደኝ በመስኮቱ ነው፤ ዓይኔ ውስጥ የገባሽው ግን አንቺ ሆንሽ” አለኝ። “አውቃለሁ” አልኩት። አውቅ ነበር። ተነሡና ተሸከሙኝ።

ሐኪሙ እንዳየኝ አወቀኝ። “ለምን ቀረሽ?” ሲለኝ “አፈርኩ” አልኩት። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ኋላ ላይ ቀድመሽ ብትመጪ እግርሽ ይድን ነበር አለኝ። እህቴ፣ ቀኝ እግሬ ከመርገጫው አጋማሽ ተቆርጧል። ጣቶቼ የሉም። ለብዙ ጊዜ አልጋ ይዤ ተኛሁ፤ ለቀዶ ሕክምናውና ለአልጋው ከመድኑ የወጣው በየወሩ ሲያስቆጫቸው ከነበረው ክትትል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይሥሐቅ እንኳ ሊጠይቀኝ መጥቶ ይህንኑ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

አሁን በምርኩዝ እሄዳለሁ፤ ክትትሉንም ጀምሬያለሁ። አመተሥላሴ ሱፏን ይዛ እየመጣች አብራኝ ትፈትላለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ መስኮቱ “የለም” ብሏት ተመለሰች። እንግዲህ አስቢው፤ እኔ በቀረሁባቸው በእነዚያ ወራት ሁሉ ለእሷ የተረፈላት አንዲት ጠብታ መድኃኒት የለችም። የኔ እግር ለማንም አልሆነም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ተሻምተን የተጣላነው ለሁለታችንም ባልነበረ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ እንድታለቅሺ አይደለም። በቀደም በሳሌም ስልክ የላክሽውን ፎቶ አየን። እማዬ ስልኩን ሳመችው፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየተቀባበለ “ጁባ ተስማማቻት፣ እንዴት አምሮባታል!” አለ። እውነትም አምሮብሻል። እኔ ግን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ፎቶውን ደግሜ አስከፍቼ እግርሽን አየሁት፤ ጫማሽ ጠቦሽ ቁርጭምጭሚትሽ አብጧል። ስትደውዪም ውኃ ጥሙ ሌሊት እያስነሣኝ ነው ብለሽ ነበር፤ በሙቀቱ አሳበብሽው። ሙቀቱ ይሁንልን፤ ግን ሂጂና ተመርመሪ። ተስማማሽ የሚልሽን አትስሚ፤ ነገ ደግሞ በላች የሚልሽንም አትስሚ። ወረፋው ላይ ቢሳቅብሽ ነጠላሽን አስተካክለሽ ቁሚ። እኔ ቦታዬን ስለቅ የተጠቀመ ሰው አላየሁም፤ አንቺ ቦታሽን እንዳትለቂ።

እማዬ በሁለት እጇ ጉንጭሽን ይዛ ትስምሻለች፤ በየኪዳኑ ስምሽን ታስጠራለች። አስፋው ከጓሳ ሣር ሊያጭድ ወጥቷል፤ ሳይወጣ “ለእስኩ ናፍቆቴን ጻፊልኝ” ብሎኛል። ሳሌም አክስቴ የላከችልኝን ልብስ ለበዓል እለብሰዋለሁ ትላለች፤ ቁመቷ እኔን አልፎኛል። አመተሥላሴም አጠገቤ ሆና “ሰላም በይልኝ፤ እህትሽን እየጠበቅኋት ነው በይልኝ” ትላለች፤ እየሳለች።

ሁለት እግር ይዘሽ ለደጃችን ያብቃሽ።

እህትሽ ጠጄ
ዘመሮ፣ መንዝ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.