ከአየር ውስጥ ውሃ ሲያወጡ የኖሩት የአቶ አስናቀው ወልደኢየሱስ የሕይወት ታሪክ

አቶ አስናቀው ከአባታቸው ከአቶ ወልደኢየሱስ ውዱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰርካለም መዝሙር በደምቢያ፣ ቆላ ድባ አጠገብ ሚያዝያ 12 ቀን 1958 ዓ.ም. ተወለዱ። በቆላ ድባ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1975 ዓ.ም. ወደ ጎንደር መጥተው ቁስቋም ከአጎታቸው ዘንድ ተቀመጡና በአንድ ጋራዥ የመኪና ቀለም ቅብ ሙያ ለመዱ።

በ1988 ዓ.ም. የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። በዓመቱ ከወይዘሮ እናኑ ምናለ ጋር በቁርባን ተጋብተው ሁለት ልጆች አፈሩ። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ክንዱም ከዚያ ጀምሮ አብሬያቸው ስለሠራሁ ይህን መጻፍ ለእኔ ደረሰ። ጽሑፍ ሙያዬ አይደለም፤ ይቅር በሉኝ።

ክረምት ሲገባ የወንድሜ ፊት ይጨልም ነበር። ኮምፕሬሰሩ የሚስበው እርጥብ አየር ሲጨመቅ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ከቀለሙ ጋር ይረጭና አዲሱን ቅብ ያሳብጠዋል። በ1999 ዓ.ም. ይህን ለማስቀረት ከአሮጌ የጭነት መኪና የወለቀ የአየር ታንክ አገኙ። በሁለቱም ጫፍ ወንፊት በይደው፣ ውስጡን በታመሰ ጨው ሞልተው፣ በኮምፕሬሰሩና በቀለም መርጫው መካከል ገጠሙት። ጨው እርጥበት እንደሚስብ ከልጅነታችን ጀምሮ እናታችን ጓዳ አይተዋል፤ ራሱ ሟሙቶ እንደሚወጣ ግን አላሰቡም። ጨዋማው ውሃ በጫማ ነጋዴው በአቶ ዐብዱልከሪም ሚኒባስ ላይ ተረጨ። መስከረም ሲጠባ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ወንድሜ ሙሉውን በእጃቸው ፍቀው እንደገና ቀቡት።

አቶ ዐብዱልከሪም ለወቀሳ አልመጡም። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡትን ትንንሽ ከረጢቶች በፌስታል ሞልተው ይዘው መጡና «አስናቀው፣ ይሄን የሚያስገቡት እርጥበት እንዲጠጣ ነው፤ እስቲ ሞክረው» አሉ። ሠራ! ከዚያ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት ታንኩ ከከረጢቶቹ በሚወጡት ጠጠር መሰል ፍሬዎች ተሞልቶ ኖረ። ከመካከላቸው ሰማያዊዎቹ ውሃ ሲጠጡ ሮዝ ይሆናሉ። ያኔ ወይዘሮ እናኑ በመጥበሻ አምሰው ወደ ሰማያዊነታቸው ይመልሷቸዋል። ስንት ደቂቃ እንደሚበቃቸው ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም።

በጥር 2017 ዓ.ም. ወንድሜን ሳል ጀመራቸው። በሰኔ ሳንባቸው ውሃ ቋጠረ። ሁለት ጊዜ ተቀዳ፤ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሞላ። ሐኪሞቹም ወደ ቤት እንድንወስዳቸው ነገሩን። ጠበል አመጣን፣ ትራስ ደራረብን፣ መስኮት ከፈትን፣ መልሰን ዘጋን። ለማሽን ደረቅ አየር የፈጠሩ ወንድሜ ለራሳቸው ትንፋሽ ሲያጥራቸው ቆሜ ከማየት በቀር አንዳች አልቻልኩም። ሃያ ስምንት ዓመት ካስተማሩኝ ሙያ ለዚህ የሚሆን አንድም ነገር አጣሁ።

አንድ ቀን ወይዘሮ እናኑ ሰማያዊዎቹን ፍሬዎች በሳህን አድርገው ከአልጋው ሥር አኖሩ። በማግስቱ ሮዝ ሆነው ተገኙ። «አየህ፣ ውሃው እየወጣልህ ነው» አሏቸው። ያ እርጥበት የነሐሴ ዝናብ እንጂ የሳንባ ውሃ አለመሆኑን ወንድሜ ያውቃሉ። ወደ እኔ አዩ፤ ዝም በል ማለታቸው ነበር። ከዚያ «ሸጋ ነው እናኑዬ፤ ቀለል ብሎኛል» አሉ። ወይዘሮ እናኑም ፍሬዎቹን ሊያምሱ ሳህኑን ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው እንዲሁ ሆነ።

አቶ አስናቀው ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ዐረፉ። ወይዘሮ እናኑ ሮዝ የሆኑትን ፍሬዎች እንደያዙ ቆመው «ክንዱ፣ ዝናቡ መሆኑን እኔም አውቅ ነበር። እሱ ተስፋ እንዳይቆርጥ ብዬ ነው» አሉኝ። «ወንድሜም ያውቁ ነበር፤ የዋሹት ስለ እርስዎ ብለው ነው» አልኳቸው። ብዙ አለቀሱ። ፍሬዎቹን ሳያምሱ ሳህኑን መልሰው ከአልጋው ሥር አኖሩት፤ ይህም እንዲነበብ የፈቀዱት ራሳቸው ናቸው።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ እናኑን፣ ልጆቻቸውን ሰውአገኝንና መዝሙርን፣ እኔን ወንድማቸውንም ትተው ሄደዋል። እስትንፋስን የሚሰጥ አምላክ በዚህ ያጠራቸውን ትንፋሽ በመንግሥቱ ያሟላላቸው፤ ያችን ሳህን የሚያነሣ ብርታትም ለቤታችን ይስጥልን። አሜን።